በሊሾው ሥር ያለው ቦይ

አዳማ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለበድሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጃችን ኑሰይባስ? አራሷ እንዴት ናት ልል ነበር፤ ለካ አራት ወር አልፏታል፣ አራስ መባሏም ቀርቷል። ትንሿ ሱሃይላስ እንዴት ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ኡበይደላ ቁራጭ ወረቀትሽን ትናንት ሰጠኝ። ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት ነው ያቀበለኝ፤ "ከእትዬ በድሪያ" ብሎ። ደስ ብሎኝ እዚያው ቆሜ ገለጥኩት። ሁለት ቃል ብቻ። "ቦዩ ተጠርጓል?" ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ እዚያም ምንም የለም።

በድሪያ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የትኛው ቦይ?

በስልክ ብንነጋገር ይቀል ነበር፤ ግን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ጆሮዬን ለሞተር ሰጥቻለሁ። ኑሰይባ ስትደውል የምሰማው ከጎማ ላይ ንፋስ ሲወጣ ያለውን ድምፅ ነው። "እሺ፣ እሺ" ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ምን እንዳለችኝ አላውቅም። ስለዚህ ጻፊልኝ። ኡበይደላ አዳማና ቢሾፍቱ ሲመላለስ ነው የሚውለው፤ ያደርስልናል።

ጥር ላይ ለወሊዱ ስትሄጂ "አርባ ቀን ብቻ" ብለሽኝ ነበር። መጋቢት ላይ መጣሽ፣ ግቢውን አየሽ፣ ሻንጣሽን ሳትፈቺ ባመጣሽ ባጃጅ ተመለስሽ። ሰው ሲጠይቀኝ "ልጇ አልለቅ ብላት ነው" እላለሁ። እስከ መቼ እንደምል ግን አላውቅም። የግቢውን ግማሽ ሲሚንቶ አስፈስሼ ሊሾ ማድረጌ ለክፋት አልነበረም። መሪ የለቀቀ ሰው ወንበሩን አውጥቶ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። የተቆረጠው ሁለት ፓፓያና አንድ ዘይቱን ነው፤ የጠፋው ሁለት መደብ ጎመን። ይኼ ሰው ቤቱን ጥሎ የሚሄድበት ነገር ነው?

ለማንኛውም ክረምቱ እየመጣ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት ንገሪኝና አደርገዋለሁ።

አክባሪሽ መሐመድዘይን


ቢሾፍቱ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሐመድዘይን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ነው።

የትኛው ቦይ ብለህ ጠየቅክ። ሠላሳ ዓመት በኖርክበት ግቢ ውስጥ የትኛው ቦይ! ኖርክበት ስል በወር ሁለት ሌሊት ያደርክበት ማለቴ ነው።

ከጀርባ አጥሩ፣ ከሎሚው ሥር ይነሳል። ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ በዚያ ነው የሚገባው። ጎመን መደቦቹን በግራ ትቶ፣ በዘይቱኑ ሥር አልፎ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ መንገዱ ቱቦ ይወጣል። ይወጣ ነበር። አሁን መሐሉ ከሊሾህ ሥር ተቀብሯል። ውሃው ሲመጣ ሊሾውን እንደ አስፋልት ይዞ ወደ ታች ይነጉዳል። ከኛ ግቢ ታች ደግሞ የጎረቤታችን የቡዜ ኩሽና ነው ያለው። የምጽፍልህም ላንተ ብዬ ሳይሆን ለቡዜ ብዬ ነው።

የቀረው ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። የጣሪያውን አሸንዳ ጥረገው፤ ዓመት ሙሉ ቅጠል ጠጥቷል። የወረደውን ቅጠል እንዳታቃጥለው፣ ከጓሮ ካለው ጉድጓድ ክተተው፣ መስከረም ላይ አፈር ሆኖ ይጠብቅሃል። የቲማቲሙን አሮጌ ግንድ ግን ነቅለህ አቃጥለው፤ በሽታ ይዞታል፣ ከቅጠሉ ጋር እንዳትቀላቅለው። ሙዙን ሦስት ግንድ ብቻ አስቀርለት፤ ብዙ ከሆነ እርስ በርሱ ተናንቆ ነፋስ ይጥለዋል። ሎሚው መሬት የነካ ቅርንጫፉ ብቻ ነው የሚገረዘው። አናቱን አትንካ። የቃሪያውን ችግኝ ከጣሪያው ጠብታ አርቀው፤ ጠብታው ሥሩን ያወጣዋል።

ሱሃይላ ደህና ናት። ኑሰይባም።

በድሪያ


አዳማ፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለበድሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ሎሚው ጽፈሽልኛል። በሕይወት አለ። ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው ሳላነብ መቁረጥ ጀምሬ ነበርና አናቱ ትንሽ ተጎድቷል። "የሚገረዘው" የሚለውን አይቼ ማጭዴን አነሳሁ፤ "አትንካ" የሚለው ከታች መሆኑን ምን አውቄ! ቡዜ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ "ዘይኑ፣ አካም ጅርታ? ሎሚውን ልታክመው ነው ልትገድለው?" አለችኝ። ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከሰው ጋር ከሳቅኩ ሰንብቼ ነበር።

አሸንዳውን ጠርጌያለሁ። ምን እንዳወጣሁበት ብትገምቺ አታገኚውም፤ አንድ የሕፃን ነጠላ ጫማ፣ የተቀደደ ኳስ፣ የወፍ ጎጆ ከነላባው። ቅጠሉን ከጉድጓዱ ከትቻለሁ። ቲማቲሙን አቃጥያለሁ። ሙዙ ሦስት ግንድ ሆኗል፤ የትኞቹን ሦስት እንደማስቀር ስላልነገርሽኝ ረዣዥሞቹን መረጥኩ። እግሬን ትንሽ አመም አድርጎኛል፤ የአየሩ ነው።

ስለ ቦዩ አስቤበታለሁ። ሊሾውን ማፍረስ አይሆንም። ጓደኞቼ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እየመጡ እዚያ ዳማ ይጫወታሉ፤ ለስንቱ "ቤቴ ኑ" ብያለሁ። አሸዋ በጆንያ ሞልቼ ከሎሚው እስከ አጥሩ እደረድራለሁ፤ ውሃው ጆንያውን ተከትሎ ይወጣል። በረሃ ላይ መንገድ ሲቆረጥ እንዲህ ነው የምናደርገው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ነገ በሌላ ወረቀት እጠይቅሻለሁ። ዛሬ ኡበይደላ ቸኩሏል።

አክባሪሽ መሐመድዘይን


ቢሾፍቱ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሐመድዘይን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሁለቱም ደርሰውኛል፤ ረጅሙም አጭሯም።

ጆንያው አይሆንም። የኛ ሰፈር አሸዋ ቀላል ነው፤ ውሃ ሲነካው በጆንያው ቀዳዳ ሾልኮ ያልቃል። በ1998 ሞክረነዋል። እኔና ቡዜ አሥራ ሁለት ጆንያ ሞልተን ደርድረን ነበር። በነጋታው ጆንያዎቹ ባዶ ተነጥፈው አገኘናቸው። አንተ አልነበርክም።

አጭሯ ላይ "ለአንድ ዘይቱን ይህን ያህል?" ብለሃል። በዘይቱኑ አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽም። ግን ዛፍ ይተከላል። በሩ ላይ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልኩ፣ "መሬቴን ምን አድርገኸው ነው?" ብዬ ስጠይቅህ፣ የሲሚንቶ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "መሬትሽ? ሠላሳ ዓመት ምን ሠርተሽበት ነው?" አልከኝ።

ረስተኸው ይሆናል። ከአፍህ ስትወጣ አንድ ቃል ናት። እኔ ግን ባጃጁ ውስጥም፣ ሚኒባሱ ውስጥም፣ ሞጆን አልፌ እዚህ እስክደርስ መልስ ስፈልግላት መጣሁ። አላገኘሁላትም። ይኼው ሦስተኛ ወሬ፣ አሁንም እየፈለግኩ ነው።

የእግርህ ነገር የአየር አይመስለኝም። ለማንኛውም በጥቁር አዝሙድ ዘይት እሸው።

በድሪያ


አዳማ፣ ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

በድሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ቦዩ የት እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ። ውሃው ራሱ አሳየኝ።

ትናንት ከዐስር ሶላት ስመለስ በጋራው በኩል ጠቁሯል። አይሆንም ያልሽኝን ጆንያ ደርድሬ ጨርሼ ነበር፤ እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ። የዘነበው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጎርፉ በሎሚው ሥር ገባ፣ ጆንያዎቹን ገፋቸው፣ ሊሾው ላይ ወጣና በመስታወት ላይ እንደፈሰሰ ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ ቡዜ ኩሽና ገባ። ሁሉም ነገር አንቺ እንዳልሽው፤ አንድ ስንዝር አልሳትሽም።

ሮጬ ሄድኩ። ቡዜ ቀሚሷን ሰብስባ በመጥረጊያ ውሃውን ታስወጣለች። የጤፍ ዱቄቷ ከነማዳበሪያው ከሥሩ ርሷል።

"ልርዳሽ" አልኳት።

"ተወው፣ ልምድ አለኝ። ከበድሪያ ጋር እስከ ጉልበታችን ቆመንበታል።"

"መቼ?"

"ጉደታ የሞተ ክረምት ነዋ።"

ስሙን ስሰማ ደነገጥኩ። ረዳቴ ጉደታ ሚሌ አጠገብ ጎማ ሲቀይር መኪና ከገጨው ወዲህ ስሙ ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያላስነሳሁት። ቡዜ ግን ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቀጠለች።

"የናንተ ቤት ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ አይገባውም ነበር። ለኔ ኩሽና ብላ ነው ስትቆፍር የሰነበተችው። ተይ፣ እርጉዝ ነሽ ብላት..." አለች። ዞር ብላ አየችኝ። "ነግራሃለች አይደል?"

"ነግራኛለች" አልኳት። ዋሸሁ፤ እንድትቀጥልልኝ ብዬ።

ሦስት ወሯ ነበር አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆፍራ በሦስተኛው ቀን አስወረዳት አለችኝ። ጤና ጣቢያ ደግፌ የወሰድኳት እኔ ነኝ አለችኝ።

በድሪያ፣ ስንት ጊዜ ሰው ፊት "አላህ ለኑሰይባ ወንድም አልጻፈላትም" ስል አጠገቤ ተቀምጠሽ ሰምተሽኛል። ለምን አልነገርሽኝም?

ሌላ አልጽፍም። እጄ እምቢ አለኝ።

መሐመድዘይን


ቢሾፍቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኑሰይባ አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትክ?

ደብዳቤህን በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩት። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ብቻውን የሚሆንበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ኑሰይባ ፊቴን አይታ "አባዬ ምን ሆነ?" አለችኝ። "ዝናብ ጀመረ" አልኳት። እሷም አታውቅም፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ለምን እንዳልነገርኩህ ልንገርህ። ከጤና ጣቢያ በወጣሁ በአራተኛው ቀን መጣህ። መኪናውን ሞጆ አቁመህ በሰው መኪና ነበር የመጣኸው። የጉደታን ጃኬት በክንድህ ይዘሃል። "ይኼን ለእናቱ ምን ብዬ ነው የምሰጣት?" አልከኝ። ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኛህ። ስንት ቀን እንደተኛህ አንተ አታውቀውም። አሥራ አንድ ቀን ነው። በማንኪያ ሾርባ ሳጠጣህ እንኳ አላየኸኝም። እዚያ ላይ ሌላ ሞት ልጨምርብህ? ሲሻለው እነግረዋለሁ አልኩ። ሲሻልህ መንገድ ወጣህ። ስትመለስ መሳቅ ጀምረህ ነበር፤ ሳቅህን መልሼ ላጠፋው አልቻልኩም። እንዲህ ስል ዓመት ሞላ። ዓመት ከሞላ በኋላ ደግሞ ከየት ይጀመራል? እራት እያቀረብኩልህ?

ለቡዜ ኩሽና ብላ ነው የተባለው ልክ አይደለም። ውሃ ሲመጣ የማን ኩሽና ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዶማ ያነሳል እንጂ። ሐኪሙም በመቆፈርሽ ነው አላለኝም። "ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል" ነው ያለኝ። እና ቡዜን ክፉ ዓይን እንዳታያት። ጉደታንም አትውቀስ፤ ራስህንም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ቦዩን እኔው እጠርገው ነበር። ሰው አላስነካም። እያለቀስኩ እንዳይመስልህ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ ደለሉን እዝቃለሁ፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቆሜ ውሃው በዚያ ሲያልፍ አያለሁ። በቃ፣ የዘንድሮውም አለፈ እላለሁ። ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ዘይቱኑን የተከልኩት ሁሉ ቦዩን ተከትዬ ነው።

እንደማውቅህ አሁን መዶሻ አንስተህ ሊሾውን ልትደበድብ ነው። ወገብህን አስብ። ብቻህን እንዳትነካው።

ኡበይደላ "ለአረፋ ልምጣ ወይ ብሎሻል" አለኝ። ቤቱ የልጅህ ነው፤ መምጣት ትችላለህ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ገና ነኝ።

በድሪያ


አዳማ፣ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኑሰይባ እናት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አረፋን እንዴት ዋላችሁ? ገና ነኝ ስላልሽ ቀረሁ። ኑሰይባ የላከችው ሥጋ ደርሶኛል፤ ቡዜ የሙስሊም ሥጋ ስለማትበላ ብቻዬን ታገልኩት። ሰግጄ ስመለስ ግን የምገባበት ቤት ጸጥ ማለቱ ከበደኝ። ተይው፣ ይኼን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ብቻህን እንዳትነካው ብለሽኝ ነበር። ሁለት ቀን ብቻዬን ነካሁት። በሦስተኛው ቀን ኡበይደላ አየኝና ተቆጣ፤ የእረፍት ቀኑን ሰጠኝ። ዳማ ተጫዋቾቹም እንደ ልማዳቸው በአሥር ሰዓት መጡ። "አሁን የት እንቀመጥ?" አሉኝ። አካፋና ዲጂኖ ሰጠኋቸው። አንዱ ሰበብ ፈጥሮ ሄደ፤ ሁለቱ ቀሩ።

ሎሚው በኩል ያለው ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ሲነሳ ከሥሩ ድንጋይ ታየ። ሁሉንም አቁሜ ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ጠረግኩት። ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ ነክሶ፣ በትንሽ በትንሹ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ይወርዳል። መታጠፊያው ላይ ውሃው እንዳይዘል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። በድሪያ፣ እኔ መንገድ አውቃለሁ። ውሃ የት ጋ እንደሚበላው፣ መሐንዲሱ የት ጋ እንደሰነፈ ጎማዬ ይነግረኝ ነበር። ይኼንን የሠራ ሰው የትም አልሰነፈም።

ኡበይደላ "ማን ነው የሠራው?" አለኝ።

"ሚስቴ።"

"ከማን ጋር?"

"መጀመሪያ ከቡዜ ጋር፣ ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ብቻዋን" አልኩት። ሁለቱ ዳማ ተጫዋቾችም ይሰሙ ነበር። በሩ ላይ ያልኩሽን የሰማው ሠራተኛ ሁሉ እዚያ በኖረ ብዬ ተመኘሁ።

አፉ በይኝ። ለሊሾው፣ ለዘይቱኑ፣ ለዚያች ቃል። ላልነበርኩበት ቀን ደግሞ እንዴት አፉ በይኝ እንደሚባል አላውቅም። የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝና እለዋለሁ።

ቦዩን ከሎሚው እስከ ቱቦው ጠርጌያለሁ። ከሊሾው በበረንዳው በኩል ያለች ጥግ ብቻ ቀርታለች፤ እሷንም አንሳ ካልሽኝ አነሳታለሁ። የተገለጠው አፈር ነጭ ሆኖ ደርቋል። ምን ልትከልበት?

ያንቺው መሐመድዘይን


ቢሾፍቱ፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኑሰይባ አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? እግርህስ? ኡበይደላ አሸንዳውን ስትጠርግ ከመሰላል መውደቅህን ነገረኝ። "የአየሩ ነው" ብለህ ጽፈህልኝ! "ለምን ደበቅከኝ" ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት የራሴን ድምፅ ሰማሁና ዘጋሁት። ለካ ሁለታችንም አንድ ነን።

አፉ ብዬሃለሁ። ለሊሾውም ለቃሏም። ላልነበርክበት ቀን አፉ አይባልም፤ ባላወቅከው ምን ጥፋት አለብህ። ያወቅክ ዕለት "እጄ እምቢ አለኝ" ብለህ ጻፍክልኝ። ያንን ወረቀት ቁርኣኔ መሐል አስቀምጬዋለሁ። ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ አንተ በዚያኛው ጫፍ ስትይዝልኝ ነው።

አፈሩ ነጭ የሆነው ሲሚንቶ አቃጥሎት ነው። ፍርስራሹን ጠጠር ሳታስቀር ልቀመው። ከጉድጓዱ ሥር የአምናውን ብስባሽ አውጥተህ በደንብ አዋህደውና ቦሎቄ ዝራበት። ቦሎቄ አፈር ያድሳል፤ በዚህ ክረምት ከሱ ሌላ አትጠይቀው። ጎመኑ ለመስከረም ይቆይ። የቃሪያውን መደብ ግን ከፍ አድርገው፤ ቃሪያ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ በሳምንት ይደርቃል። የለቀምከውን ፍርስራሽ አውጥተህ እንዳትጥለው። በቡዜ ኩሽና በር ላይ ከፍ ያለ ደፍ ሥራላት። ዱቄቷን ተክተህላት ይሆን ብዬ አልጠይቅም፤ እንደተካህላት አውቃለሁ።

ሱሃይላ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ጣቴን ነክሳኝ እየጻፍኩ ነው።

በድሪያ


አዳማ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለበድሪያዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለዝናቡ ዱዓ አድርግ ብለሽ በኡበይደላ ላክሽብኝ፤ አድርጌያለሁ፣ ደርሷልም። ዛሬ መጣ።

ከማለዳው ጀምሮ ሰማዩ ከብዶ ነበር። ቦሎቄው ቅጠል አውጥቷል፣ የቃሪያው መደብ ጉልበቴን ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ የቡዜ ደፍ ደርቋል። ሦስት ሰዓት ላይ ለቀቀው። በአጥሩ ወዲህ እኔ፣ በአጥሩ ወዲያ ቡዜ፣ ሁለታችንም ላስቲክ ተከናንበን ቆመን እንጠብቃለን።

"ያውልህ!" አለች ቡዜ።

ጭቃማ ውሃ፣ ቅጠልና ፕላስቲክ ከፊቱ እየገፋ በሎሚው ሥር ገባ። እዚያ ሲደርስ መንገድ እንደጠፋበት እንግዳ ዞር ዞር አለ። ከዚያ ቦዩን አገኘውና ገባ። በድሪያ፣ እንዴት እንደነጎደ! አፉ ድረስ ሞላ፤ ግን አልዘለለም። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንድ ድንጋይ መነቃነቁን አየሁ፤ እኔ ነኝ መልሼ ያስቀመጥኩት፣ እንዳንቺ አላስነከስኩትም። ዘልዬ ገባሁና በእግሬ ደግፌ ያዝኩት። ቡዜ "ውጣ፣ አንተ ሽማግሌ!" እያለች ትጮሃለች። አልወጣሁም። ውሃው እስኪጎድል ግማሽ ሰዓት ያህል እስከ ጉልበቴ ቆምኩበት።

ውሃው ይበርዳል፣ በድሪያ። እንዲህ እንደሚበርድ አላውቅም ነበር።

ሲያባራ ቡዜ ኩሽናዋን ከፍታ አየችና እልል አለች። ወለሉ ደረቅ ነው። በትኩስ ሻይ ነው የሸኘችኝ፤ እግሬንም በሞቀ ውሃ አስነክራኛለች። ቦሎቄው ከጥቂቱ በቀር ቆሟል። ድንጋዩን ነገ አስተካክለዋለሁ።

ነይ አልልሽም። ገና ነኝ ካልሽ ገና ነሽ፤ ስንት ክረምትም ቢሆን እጠብቃለሁ። ብቻ በቦሎቄው መሐል አረም እየበቀለ ነው፣ እኔ ደግሞ የቱ አረም የቱ ቦሎቄ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ቡዜን እንዳልጠይቃት ደግሞ ትስቅብኛለች።

ያንቺው መሐመድዘይን


ቢሾፍቱ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘይኑ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህን ሳነብ ኑሰይባ አጠገቤ ነበረች። "ውሃው ይበርዳል" የምትለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ወረቀቱን ተቀብላኝ አነበበችው፣ ግራ ገባት። ነገርኳት። ያኔ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለምን ቡዜ ቤት እንዳደረች፣ ለምን እንደተኛሁ፣ ሁሉንም። አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ደግሞ "ወንድ ነበር ሴት?" አለችኝ። አላወቅንም አልኳት። አንተም ልትጠይቀኝ ፈልገህ ትተኸው ይሆናል፤ ይኼው መልሱ። አሁን ሦስታችንም የምናውቀው ያንኑ ያህል ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ።

ከአሁኑ ልንገርህ፤ ለሁልጊዜው ቢሾፍቱን አልለቅም። ኑሰይባ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ገብታለች፤ በየወሩ አንድ ሳምንት እዚህ እሆናለሁ። ያን ሳምንት አረሙም ቦዩም ያንተ ነው። ቦሎቄ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እስክመጣ ሦስት ያልሆነውን ብቻ ንቀል። ካልገባህ አትንቀል። የቀረችዋን የሊሾ ጥግ አታፍርሳት። ሰው ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ እኔም እግሬን እያመመኝ ነው፣ የአየሩ ግን አይደለም፣ የደረጃው ነው። ዳማ ተጫዋቾችህ ይምጡ። ሁለቱ። የሸሸው ይቅር።

ኡበይደላ "ጋሽ ዘይኑ መናኸሪያ ይምጣና ይቀበልሽ" አለኝ። አትምጣ። መኪና ይዘህ ስትመጣ አይቻለሁ፤ ስትሄድም አይቻለሁ። ቤት ሆነህ ሰው ስትጠብቅ ግን አይቼህ አላውቅም። እስቲ ልየው። ሻንጣዬ ከባድ ስለሆነ ከባጃጁ ስወርድ ትቀበለኛለህ፤ የዘይቱን ችግኝ ይዣለሁ፣ እሱን እኔ እይዘዋለሁ።

ለዚህች ደብዳቤ መልስ አትጻፍ። የምትለው ካለህ ቅዳሜ ትለኛለህ። ጆሮህ ስር ቀርቤ እመልስልሃለሁ።

በድሪያህ